ቻርለስ ስታይንሜትዝ፤ ኤሌክትሪክን በወረቀት ላይ ያስኬደ ስደተኛ

ስለ አንድ ኃይል ማመንጫ ወይም ስለ አንድ ማስተላለፊያ መስመር ሲወራ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው የገንዘቡ መጠን፣ የተቋራጩ ስምና ሪባኑ የሚቆረጥበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሥራ አይወራለትም። ምሰሶ ሳይቆም፣ ሽቦ ሳይዘረጋ መሐንዲሶች ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው ያልተሠራውን መስመር እንደተሠራ አድርገው ያስኬዱታል። መብረቅ ይጥሉበታል፤ ጄነሬተር ያጠፉበታል፤ ሽቦ ይበጥሱበታል። ይህንን ሲሙሌሽን ይሉታል። ለዚህ የሚያገለግሉት ሶፍትዌሮች ብዙ ናቸው፤ ዋጋቸውም የዋዛ አይደለም። የትኛው ይገዛ የሚለው ጥያቄ በየአገሩ የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቶችና አማካሪ ድርጅቶች ዘንድ ሲያከራክር ኖሯል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሕግ ምሩቅ እንጂ መሐንዲስ ስላልሆነ ይኼኛው ሶፍትዌር ከዚያኛው ይሻላል ለማለት አይዳዳም። ይሁን እንጂ ክርክሩን ከሥሩ መረዳት የሚፈልግ ሰው ዲጂታል ኮምፒዩተር ከመሠራቱ በፊት የሞተውን የአንድ ሰው ታሪክ ቢያውቅ የሚጠቀም ይመስለኛል። ሰውየው ቻርለስ ፕሮቲየስ ስታይንሜትዝ ይባላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው ኤፕሪል 9 ቀን 1865 በፕሩሲያዋ ብሬስላው ከተማ ነው። ከተማዋ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ስትሆን ቭሮትስዋፍ ትባላለች። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ካርል አውጉስት ሩዶልፍ ነበር። አባቱ በባቡር መሥሪያ ቤት የሊቶግራፍ ሠራተኛ ነበሩ። እናቱ ገና አንድ ዓመት ሲሆነው በመሞታቸው ያሳደጉት አያቱ ናቸው። ከአባቱና ከወንድ አያቱ የወረሰው የጀርባ መጉበጥ ነበረበት፤ ዳሌውም የተጣመመ ነበር። ካደገ በኋላ እንኳ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ22 ሳንቲ ሜትር ብዙም አላለፈም። በዘመኑ እንዲህ ያለ ልጅ ከቤት ባይወጣ ማንም አይገረምም ነበር። እሱ ግን በ1883 ብሬስላው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሒሳብን እንደ ጨዋታ ያይ ጀመር። ፕሮቲየስ የሚለውን ስም ያወጡለት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹ ናቸው። ስሙ በጥንት ግሪኮች ተረት መልኩን እየቀያየረ ከሚያዝ የሚያመልጥ የባሕር ሽማግሌ ስም ነው።

እዚህ ላይ ሕግ ይገባል። ቢስማርክ በ1878 ሶሻሊስቶችን የሚያግድ ሕግ አውጥተው ነበር። ሕጉ ማኅበራቸውን፣ ስብሰባቸውንና ጋዜጣቸውን ከለከለ፤ ነገር ግን አንድ ሶሻሊስት በግሉ ለምክር ቤት እንዳይወዳደር አልከለከለም። አንድን ሐሳብ በሕግ ማጥፋት የሚፈልግ መንግሥት ሁልጊዜ የሆነ ቀዳዳ ይተዋል፤ በዚህ ቀዳዳም የሶሻሊስቶቹ ድምፅ መጀመሪያ ቢቀንስም እያደር ጨመረ። ወጣቱ ስታይንሜትዝ በተማሪዎች የሶሻሊስት ቡድን ውስጥ ነበር፤ ለፓርቲው ጋዜጣም ይጽፋል። በ1888 የዶክትሬት ጥናቱን ሊጨርስ ሲቃረብ ፖሊስ እየፈለገው መሆኑን ሰማና ዲግሪውን ሳይቀበል ወደ ስዊዘርላንድ፣ ወደ ዙሪክ ሸሸ። ያ ሕግ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1890፣ ሳይታደስ ቀርቶ ሞተ። ጀርመን ግን ሰውየውን መልሳ አላገኘችውም።

በ1889 አስሙሰን ከሚባል ዴንማርካዊ ጓደኛው ጋር በመርከብ ኒውዮርክ ደረሰ። ብዙ ጸሐፊዎች ኤሊስ ደሴት ላይ ወረደ ይላሉ፤ ኤሊስ ደሴት ግን የስደተኞች መቀበያ የሆነው በ1892 ነው። በ1889 ስደተኞች የሚመረመሩት ካስል ጋርደን በሚባለው ቦታ ነበር። የ1882ቱ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ራሱን መቻል የማይችልና የመንግሥት ሸክም የሚሆን ሰው እንዳይገባ ያዛል። ጎባጣ፣ ድኻ፣ እንግሊዝኛ በቅጡ የማይናገር ወጣት የመጣበት ጊዜ ነው። መርማሪዎቹ ሊመልሱት እንደነበር፣ ጓደኛው ገንዘብ አሳይቶ ዋስ ስለሆነለት ብቻ እንዳለፈ ይተረካል። ሕጉ በቃሉ ቢተረጎም ኖሮ የቀረው ታሪክ አይኖርም ነበር። ጥብቅ ሕግ አውጪዎች ስለ ስደተኛ ሲያስቡ ይህችን የካስል ጋርደን ጠረጴዛ ቢያስታውሱ አይከፋም። ስታይንሜትዝም ወዲያው ስሙን ቻርለስ አለና ፕሮቲየስን የመካከል ስም አደረገው።

ሥራ የሰጡት እንደሱው ከጀርመን የተሰደዱት ሩዶልፍ አይከማየር ናቸው። ሰውየው በዮንከርስ ፋብሪካ ነበራቸው፤ ስታይንሜትዝን በሳምንት 12 ዶላር የንድፍ ሠራተኛ አድርገው ቀጠሩት። የፋብሪካው ችግር ሙቀት ነበር። የሞተርና የትራንስፎርመር ብረት የማግኔት አቅጣጫው በተገለባበጠ ቁጥር ኃይል በሙቀት መልክ ያባክናል። ይህ ብክነት ሂስተሪሲስ ይባላል። በጊዜው መሐንዲሶች ብክነቱ ስንት እንደሆነ የሚያውቁት ማሽኑን ሠርተው፣ አስነስተው፣ ሲግል አይተው ነበር። ከጋለም አፍርሰው እንደገና ይሠራሉ። ስታይንሜትዝ የተለያዩ ብረቶችን ልኬት ሰብስቦ ብክነቱ ከማግኔቱ ጥግግት 1.6 ኃይል ጋር እንደሚያድግ አገኘና በ1892 ለአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ኢንስቲትዩት አቀረበ። ያኔ ገና 26 ዓመቱ ነበር።

ቀመሩ ከተፈጥሮ ሕግ የወጣ ሳይሆን ከልኬት የተገኘ ነው። ቢሆንም አንድ ትልቅ ነገር ለወጠ፤ ሙከራው ከፋብሪካ ወደ ወረቀት ተዛወረ። ማሽኑ ሳይሠራ ኪሳራው ይታወቃል። ዛሬ ሲሙሌሽን የምንለው ሥራ ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው።

በዚያው ዓመት የተመሠረተው ጄነራል ኤሌክትሪክ የአይከማየርን ድርጅት ገዛ። ዋናው ትርፍ ከፋብሪካው ጋር የተገኘው ጎባጣው ሠራተኛ ነው የሚሉ አሉ፤ ሐሰት አይመስለኝም። ስታይንሜትዝ ጥቂት ጊዜ ሊን ከተማ ከሠራ በኋላ በ1894 ወደ ስከኔክታዲ፣ ኒውዮርክ ተዛወረ። ቀሪ ዕድሜውንም እዚያው ኖረ።

በ1893 በቺካጎ ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባዔ ላይ ያቀረበው ጥናት ከሁሉም ይበልጣል። ኤሲ የሚባለው ኤሌክትሪክ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በአገራችን 50 ጊዜ፣ በአሜሪካ 60 ጊዜ ከፍ ዝቅ እያለ አቅጣጫውን ይቀያይራል። ስለዚህ ቮልቴጁ ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ በየቅጽበቱ ይለያያል። ከስታይንሜትዝ በፊት አንድ ተራ መስመር ለማስላት በካልኩለስ መድከም የግድ ነበር፤ ይህንን የሚችሉ መሐንዲሶች ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እሱ ሞገዱን በየቅጽበቱ መከታተሉን ተወው። ሞገዱ የሚደጋገም እስከሆነ ድረስ ሁለት ነገር ካወቅን ይበቃል አለ፤ ቁመቱንና ከሌላው ሞገድ ምን ያህል እንደሚቀድም ወይም እንደሚዘገይ። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ኮምፕሌክስ ቁጥር ጠቀለላቸው። የሒሳብ ሊቃውንት ምናባዊ ብለው ስም ያወጡለት፣ የአሉታዊ አንድ ስኩዌር ሩት፣ እንጀራ ማብሰል ጀመረ ማለት ነው። የካልኩለስ ችግር ወደ መደመርና ማባዛት ወረደ።

በጉባዔው ላይ የገባው ሰው ብዙ አልነበረም። ስታይንሜትዝ አልተከፋም፤ መጽሐፍ ጻፈ። ከኤርንስት በርግ ጋር በ1897 ያሳተመው ስለ ኤሲ ኤሌክትሪክ ስሌት የሚያስረዳ መጽሐፍ የአንድ ትውልድ መሐንዲሶች መማሪያ ሆነ። በ1901 የመሐንዲሶቹ ኢንስቲትዩት ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1902 ሃርቫርድ የክብር ዲግሪ ሰጠው። ዩኒየን ኮሌጅም ፕሮፌሰር አደረገው። ፖሊስ ያስጣለውን ዲግሪ ሌሎች በክብር ሰጡት ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ ነገር የሚወስደን ቦታ ላይ ደረስን። የ1893ቱ ዘዴ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ሕግ ተማሪ ቤት እንደሚባለው፣ ጠቅላላው ውል በአንዲት ትንሽ አንቀጽ ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንቀጹም ሞገዱ ሳይዛባ ይደጋገም ይላል። መብረቅ ሲወድቅ፣ ማብሪያው በድንገት ሲከፈት፣ ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ ግን ሞገዱ ለጥቂት ቅጽበት ይበጣጠሳል። በዚያች ቅጽበት ቁመትና መዘግየት የሚባል ነገር ትርጉም ያጣል። ይህንን ከማንም በላይ የሚያውቀው ዘዴውን ያመጣው ሰው ነበር። ስለዚህ በ1909 ስለ ድንገተኛና አላፊ የኤሌክትሪክ ክስተቶች ሌላ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህኛው መጽሐፍ ያስወጣው ካልኩለስ ተመልሶ ገባ። የራሱ ዘዴ የሚያበቃበትን ድንበር ራሱ ያሰመረ ሊቅ ብዙ አይገጥምም።

ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት የኃይል ሥርዓት ሶፍትዌሮች በአመዛኙ በእነዚህ በሁለቱ መጻሕፍት መካከል የተከፈሉ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንደኛው ወገን በ1893ቱ ዘዴ ይሠራል። ፒኤስኤስኢ የሚባለውን እዚህ ላይ ማንሳት ይቻላል፤ ይህን ሶፍትዌር የሠራው ድርጅት በ1969 የተመሠረተው ጄነራል ኤሌክትሪክን በለቀቁ መሐንዲሶች ሲሆን ቦታውም እዚያው ስከኔክታዲ ነው። እነዚህ ሶፍትዌሮች የአንድ አገር ወይም የብዙ አገሮች መረብ በሺዎች ከሚቆጠሩ ጣቢያዎቹ ጋር በአንድ ጊዜ ያስኬዳሉ፤ ጊዜውንም በሚሊሰከንዶች እየዘለሉ ይሄዳሉ። ሁለተኛው ወገን የ1909ኙ መጽሐፍ ልጅ ነው። ሄርማን ዶመል በ1960ዎቹ መጨረሻ የደረሰበት ኢኤምቲፒ እና ከካናዳዋ ማኒቶባ የመጣው ፒኤስካድ ከዚህ ወገን ናቸው። ሞገዱን በየማይክሮሰከንዱ ስለሚከታተሉ አዝጋሚ ናቸው፤ ሰፊ አገር ለማስኬድ ይከብዳሉ፤ ነገር ግን መብረቁን ያዩታል። ፓወርፋክተሪን የመሰሉት ሁለቱንም በአንድ ጣሪያ ሥር ለማድረግ ይሞክራሉ። ማትላብ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ የሚወደደው የመቆጣጠሪያ ሥርዓትን ነድፎ ለመሞከር ስለሚመች ነው።

በነገራችን ላይ በሁለቱ ዘመናት መካከል ሌላ ዘመን ነበር። በ1929 ኤምአይቲ ከጄነራል ኤሌክትሪክ ጋር ሆኖ አንድ ክፍል የሚሞላ ትንሽ የኤሌክትሪክ መረብ ሠራ፤ መሐንዲሶች እሷ ላይ እየሰኩ የትልቁን መረብ ጠባይ ያጠኑ ነበር። እዚያው ስከኔክታዲ ኢዲት ክላርክ የምትባል ሴት፣ መጀመሪያ ለሌሎች ቁጥር አስሊ ሆና ከሠራች በኋላ፣ በ1922 በመሐንዲስነት ተቀጠረች። በስሟ የሚጠራው የሦስት ፌዝ ስሌት ዛሬም በየመቆጣጠሪያው ውስጥ አለ። ስለ እሷ ብቻውን ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

የሶፍትዌር ጨረታ ሰነድ ሲዘጋጅ በዋጋ፣ በተጠቃሚ ብዛትና በሥልጠና ላይ ገጾች ይሞላሉ። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ግን ልናጠናው የምንፈልገው ነገር ከየትኛው መጽሐፍ ነው የሚለው ነው። ድሮ መረቡን የሚመሩት ከባባድ ጄነሬተሮች በነበሩበት ጊዜ የ1893ቱ ዘዴ ለብዙው ጥናት ይበቃ ነበር። የነፋስና የፀሐይ ማመንጫዎች ከመረቡ ጋር የሚገናኙት ግን በአብዛኛው በኤሌክትሮኒክ መለወጫ ነው፤ ጠባያቸውን የሚወስነው ብረት ሳይሆን ኮድ ነው፤ ለውጡም በቅጽበት ነው። ጉዳዩ እኛንም ይነካናል። አዳማና አሸጎዳ የነፋስ ማመንጫዎች አሉን። በ2022 ሥራ የጀመረው ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ የሚሄደው 1,045 ኪሎ ሜትር መስመርም በ500 ኪሎ ቮልት ዲሲ የሚሠራ፣ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት የሚያስተላልፍና በሁለቱም ጫፍ መለወጫ ያለው ነው። ይህንን በአንደኛው ዘዴ ብቻ አጥንቶ መተኛት አይቻልም።

ሶፍትዌር ብቻውንም አያድንም። ሴፕቴምበር 28 ቀን 2016 የደቡብ አውስትራሊያ ግዛት በሙሉ ጨለመ። ማዕበል የማስተላለፊያ ማማዎችን ጣለ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቮልቴጁ ስድስት ጊዜ ወረደ። በርካታ የነፋስ ማመንጫዎች ከተወሰነ ቁጥር በላይ ተደጋጋሚ መውረድ ሲገጥማቸው ራሳቸውን እንዲቀንሱ ተደርገው ተሞልተው ነበር። በዚህም 456 ሜጋ ዋት በሰባት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ጠፋ፤ ከጎረቤት ግዛት የሚመጣው መስመርም ጫናው በዝቶበት ተቋረጠ። ወደ 850,000 የሚጠጉ ደንበኞች መብራት አጡ። የመረቡ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የዚያን ቅንብር መኖር አስቀድሞ አያውቅም ነበር፤ በሞዴሉም ውስጥ አልነበረም። የሌለ ነገር ደግሞ በየትኛውም ሶፍትዌር አይታይም። አውስትራሊያ ከዚያ በኋላ ያደረገችው የሕግ ሥራ ነው። ማመንጫ ለማገናኘት የሚፈልግ ኩባንያ በማይክሮሰከንድ የሚሄድ ዝርዝር ሞዴል እንዲያስረክብ አስገደደች። የንግድ ምሥጢሬ ነው የሚለው የአምራቾች ክርክር በየአገሩ የሚነሳ ነው፤ በእኔ እምነት አንድ አገር እንዳይጨልም የሚያስፈልግ መረጃ በንግድ ምሥጢር ስም ሊደበቅ አይገባም፤ ውሉ ሲፈረም መካተት ያለበትም ይኸው ነው።

ወደ ስታይንሜትዝ እንመለስ። በሞሆክ ወንዝ ዳር ካምፕ የሚላት የእንጨት ጎጆ ነበረችው። ታንኳው ላይ ሳንቃ አጋድሞ፣ ሲጋራውን በአፉ ይዞ፣ ውኃው እየወሰደው ያሰላ ነበር። አንድ ጊዜ መብረቅ ጎጆዋን መታና መስታወቱን ሰባበረው። ሌላ ሰው ቢሆን ስብርባሪውን ጠርጎ ይጥል ነበር። እሱ ግን ስብርባሪውን ለቅሞ እንደገና ገጣጥሞ መብረቁ በየት በኩል እንዳለፈ አጠና። በ1922 በላቦራቶሪው ውስጥ 120,000 ቮልት ሰው ሠራሽ መብረቅ ለቀቀ፤ በትንሹ የተሠራ መንደር ላይ እየጣለም ለጎብኚዎች አሳየ። በዚያው ዓመት የመጡት ቶማስ ኤዲሰን በመብረቁ የተሰባበረ የሸክላ ኢንሱሌተር ይዘው ከእሱ ጋር የተነሱት ፎቶግራፍ አለ። የማስተላለፊያ መስመርን ከመብረቅ የሚጠብቀውን መሣሪያ መፈተን የሚቻለው መብረቅን በቀጠሮ ማምጣት ሲቻል ነው፤ ይህ ደግሞ ያለ ኮምፒዩተር የተሠራ ሲሙሌሽን ነው።

ትዳር አልያዘም። ጉብጠቱን ለልጅ ላለማውረስ ፈርቶ ነው ይባላል። ነገር ግን ረዳቱን ጆሴፍ ሄይደንን በሕግ ልጁ አደረገው። ሄይደን ከነሚስቱ ቤቱ ገብቶ ኖረ፤ የተወለዱትም ሦስት ልጆች አያታችን እያሉት አደጉ። ፖለቲካውንም አልተወም። በ1911 ስከኔክታዲ ሶሻሊስት ከንቲባ ስትመርጥ የከተማዋ የትምህርት ቦርድ አባል፣ ቀጥሎም ሊቀመንበር ሆነ፤ የከተማው ምክር ቤት ፕሬዚዳንትም ነበር። በ1922 ለኒውዮርክ ግዛት ዋና መሐንዲስነት ተወዳድሮ ተሸነፈ። በዚያው ዓመት የሶቪየት ሩሲያን የኤሌክትሪክ ዕቅድ ለመርዳት ፈቃደኛ መሆኑን ለሌኒን ጻፈ፤ ሌኒንም አመስግነው መለሱለት። ትልልቅ ኩባንያዎች ራሳቸው ቀስ በቀስ ወደ ሶሻሊዝም ያደርሱናል የሚል እምነት ነበረው። የኤሌክትሪክን ጠባይ በወረቀት የተነበየ ሰው የኩባንያዎችን ጠባይ ግን አልተነበየም። የሚገርመው ጄነራል ኤሌክትሪክ ይህንን ሁሉ እያየ ዝም ማለቱ ነው፤ 200 ገደማ ፓተንት ያስመዘገበ ሠራተኛ ምን ቢያምን ማን ይናገረዋል?

ኦክቶበር 26 ቀን 1923፣ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ምዕራብ አሜሪካ ሄዶ በተመለሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ በልብ ድካም ሞተ። 58 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው ስከኔክታዲ በሚገኘው ቬል መቃብር ነው። ሀብት አላከማቸም። በ1914 የተሠራችው በባትሪ የምትሄድ መኪናው ዩኒየን ኮሌጅ ውስጥ ተጠብቃ ትገኛለች፤ የኤሌክትሪክ መኪና የዛሬ ግኝት ለሚመስለው ሁሉ ጥሩ ማስታወሻ ናት።

ስለ እሱ በሰፊው የሚወራው ወሬ የሄንሪ ፎርድ ነው። የፎርድ ጄነሬተር ተበላሽቶ ስታይንሜትዝ ተጠራ፤ ሲያዳምጥና ሲያሰላ ሰንብቶ ማሽኑ ላይ በጠመኔ አንድ ምልክት አደረገ፤ 10,000 ዶላርም ጠየቀ። ዝርዝር አምጣ ቢባል ለጠመኔው ምልክት 1 ዶላር፣ ቦታውን ለማወቅ 9,999 ዶላር ብሎ ጻፈ ይባላል። የስሚ ስሚ ማስረጃ ነው፤ ፍርድ ቤት አይቀበለውም። በማስረጃ የተረጋገጠው የወንዝ ዳሯ ጎጆ ነገር ነው። ጎጆዋ ከስፍራዋ ተነስታ ፎርድ ዲርቦርን፣ ሚቺጋን ላቋቋመው የግሪንፊልድ ቪሌጅ ሙዚየም ደርሳለች። ሊያያት የሚሄድ ሰው ጎጆዋን ያገኛል፤ ሞሆክ ወንዝ ግን ኒውዮርክ ቀርቷል።